የዕጩ መኮንን የትምህርት ዕድል፤ የማመልከቻው ሥርዓትና የሚያስከትለው ግዴታ

የአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል በሁለት የመኪና መንገዶች መካከል የተዘረጋ ነው፡፡ አንደኛው ከመገናኛ ተነሥቶ በኮተቤና በካራ በኩል ወደ ሰንዳፋ ይወጣል፤ ሁለተኛው በጎሮና በቱሉ ዲምቱ አድርጎ ወደ ቢሾፍቱ ይወርዳል፡፡ በመጀመሪያው መንገድ የሄደ ሰው የፖሊስ ዩኒቨርሲቲን ያገኛል፤ በሁለተኛው የሄደ አየር ኃይልንና የመከላከያ ኢንጂነሪንግ ኮሌጅን ያገኛል፡፡ በሁለቱ መካከል ደግሞ፣ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ፣ አብራሪዎችንና ቴክኒሻኖችን የሚያሠለጥነው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ትምህርት ቤት አለ፡፡ ስለዚህ በገርጂ፣ በሰሚት፣ በአያት ወይም በቦሌ ቡልቡላ ያደገ ልጅ የ12ኛ ክፍል ፈተናውን ሲጨርስ፣ አባቱ የማይከፍልበትን፣ ነገር ግን እሱ ራሱ በኋላ በአገልግሎት የሚከፍለውን ትምህርት በየአቅጣጫው ያየዋል፡፡

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣንበት ምክንያት ይኸው ነው፡፡ የምናስረዳው የዕጩ መኮንን የትምህርት ዕድል እንዴት እንደሚጠየቅና ጠያቂውን በምን እንደሚያስረው ነው፡፡ በክረምቱ ወራት በሦስት የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ደጃፍ እየተመላለስን አመልካቾችን፣ ወላጆችን፣ ተያዥ የሆኑ ሰዎችንና በጡረታ የተሰናበቱ አንድ የጦር መኮንን አነጋግረናል፡፡ ብዙዎቹ ስማቸው እንዲጻፍ አልወደዱም፤ የቀሩትንም ለማመሳሰል ስንል ሳንጽፍ ትተነዋል፡፡

ዕጩ መኮንን ማለት ትምህርቱንና ሥልጠናውን ሲፈጽም የመኮንንነት ማዕረግ ሊሰጠው የታጨ ሰው ነው፤ የመጀመሪያው ማዕረግ ምክትል መቶ አለቃነት ነው፡፡ ከተራ ወታደር ምልመላ የሚለየው በሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም አመልካቹ የ12ኛ ክፍል ውጤት ማቅረብ ይኖርበታል፣ ከሥልጠናውም ጋር የኮሌጅ ትምህርት ይሰጠዋል፡፡ ስለዚህ አመልካቹ በአንድ ወረቀት ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ትምህርት ቤትና ሥራ፡፡ የሚያጋጥመው ችግር ሁሉ የሚመነጨው ሁለቱን ለያይቶ ባለማየቱ እንደ ሆነ ከዚህ በታች እናሳያለን፡፡

ሰው ስለ ምን ያመለክታል? በ2014 ዓ.ም. 12ኛ ክፍልን ጨርሰው በ2015 መጀመሪያ ብሔራዊውን ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በሚቀጥለው ዓመት 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ሆኑ፡፡ እኛ ሥራችንን ስንጀምር በዚህ ወንፊት ያላለፉት ናቸው ወደ ወታደር ቤት የሚዞሩት ብለን አስበን ነበር፡፡ ነገሩ ግን እንዲህ አልሆነም፡፡ ለዲግሪ ትምህርት የሚጋብዘው ማስታወቂያ ራሱ የማለፊያ ውጤት ይጠይቃል፤ በሰልፍ ያገኘናቸው ብዙዎቹም ወደ ሲቪል ዩኒቨርሲቲ መግባት የሚችሉ ነበሩ፡፡ ምክንያታቸውን ስንጠይቅ አብዛኞቹ የመለሱት ከምረቃ በኋላ ያለውን ጊዜ በመፍራት ነው፡፡ አንዱ የሰሚት ልጅ ታላቅ ወንድሙ በሲቪል ምሕንድስና ተመርቆ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት መቀመጡን ነገረን፡፡ «እሱ ዲግሪ አለው፤ የታክሲ ግን ከእናቴ ይቀበላል» አለን፡፡ ስለ አገር ፍቅር የነገሩንም ነበሩ፤ የተናገሩትም ከልባቸው እንደ ነበረ አልተጠራጠርንም፤ ነገር ግን ይህን ያነሡት አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛ ደረጃ ነው፡፡

ማስታወቂያው በጋዜጣና በብዙኃን መገናኛ ይነገራል፤ ከዚያም በክፍለ ከተማውና በወረዳው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፡፡ ምልመላው በየክልሉና በየከተማ አስተዳደሩ የሚካሄድበት ምክንያት አለው፡፡ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 87 የመከላከያ ሠራዊት የብሔሮችን፣ የብሔረሰቦችንና የሕዝቦችን ሚዛናዊ ተዋጽኦ ያካተተ እንዲሆን ያዛል፤ ስለዚህ የአንድ አመልካች የትውልድና የመኖሪያ ቦታ እንደ ነጥቡ ያህል ይጠየቃል፡፡ ዕድሜ፣ ቁመትና ክብደት በቁጥር ተጽፈው ይወጣሉ፤ ቁጥሮቹ ከማስታወቂያ ማስታወቂያ ስለሚለያዩ ባለፈው ዓመት ወረቀት መተማመን አይገባም፡፡

በቦሌና በአካባቢው አመልካቹን ከሁሉ በፊት የሚያደክመው መታወቂያ ነው፡፡ በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ የሚባል አዲስ ክፍለ ከተማ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ሲቋቋም፣ ከቤቱ ሳይነቃነቅ ክፍለ ከተማው የተለወጠበት ሰው ብዙ ነው፡፡ ከዚህም ሌላ በምሥራቁ በኩል በተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተከራይቶ የሚኖረው ሕዝብ ከቀድሞ ቀበሌው መሸኛ ሳያመጣ ዓመታት ይቈያል፡፡ ልጁ ለማመልከት ሲሄድ የልደት ማስረጃው ከአንድ ወረዳ፣ የትምህርት ማስረጃው ከሌላ፣ መታወቂያው ከሦስተኛ ይሆንበታል፡፡ የአባቱ ስም በአንዱ «ኃይለ ማርያም» በሌላው «ሃይለማርያም» ተብሎ የተጻፈ እንደ ሆነ ሦስት ቀን ያመላልሰዋል፡፡ ከዚህ የተነሣ የምንመክረው ማስታወቂያው ሳይወጣ ወረቀትን ማስተካከል ነው፤ ምዝገባው የሚቈየው ለጥቂት ቀናት ሲሆን መሸኛ የሚጻፈው ግን በጸሐፊው ጊዜ ነው፡፡

ከምዝገባው በኋላ የጤና ምርመራ፣ የጽሑፍ ፈተናና ቃለ መጠይቅ ይከተላሉ፡፡ በጤናው ዓይን፣ ጆሮ፣ ጥርስ፣ የእግር መዳፍ ሳይቀር ይታያል፡፡ አንድ አመልካች ቀይና አረንጓዴን ለይቶ እንደማያይ በሃያ ዓመቱ ያወቀው ለአብራሪነት ሲመረመር ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው ሁሉ እንደሱ የሚያይ ይመስለው ነበር፡፡ ስለ ቃለ መጠይቁ የሚወራው ብዙ ነው፤ የምናውቀው ግን በአብዛኛው ስለ ቤተ ሰብ፣ ስለ ጤንነት፣ ስለ ሱስና ስለ ፍላጎት የሚጠይቅ አጭር ንግግር መሆኑን ነው፡፡ ለንጽጽር ያህል፣ በህንድ አገር ለመኮንንነት የሚያመለክት ወጣት የጽሑፍ ፈተናውን ካለፈ በኋላ አምስት ቀን ያህል በአንድ ቦታ እየኖረ በቡድን ሥራና በንግግር ይፈተናል፡፡

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ፊርማ ነው፡፡ እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ትንሽ ማለት ግድ ሆኖብናል፡፡

በአማርኛ «ውለታ» ሁለት ትርጉም አለው፡፡ አንዱ ሰው ለሰው በበጎ ፈቃድ የሚሠራው መልካም ነገር ሲሆን፣ ሁለተኛው በሁለት ወገኖች መካከል የሚጻፍ ውል ነው፤ «የሥራ ውለታ»፣ «የኪራይ ውለታ» እንደሚባለው፡፡ ውለታ የዋለለት ሰው ባይመልስ «ውለታ በላ» ተብሎ ይወቀሳል፤ ውለታ የገባ ሰው ባይፈጽም ይከሰሳል፡፡ ያነጋገርናቸው ወላጆች ነገሩን በመጀመሪያው ትርጉም ይረዱታል፡፡ አንዲት እናት «ልጄን መንግሥት ሊያስተምርልኝ ነው፤ እግዜር ይስጠው» አሉን፡፡ ወረቀቱ ግን የተጻፈው በሁለተኛው ትርጉም ነው፡፡

ይህ ዓይነቱ ልውውጥ በአገራችን አዲስ አይደለም፡፡ ቀድሞ መንግሥት ለወታደሩ ማደሪያ መሬት እየሰጠ አገልግሎት ይቀበል ነበር፤ በመሬቱ ምትክ የትምህርት ቤት ወንበር የገባው በሆለታ ገነት ነው፡፡ የሆለታ የጦር ትምህርት ቤት በጥር ወር 1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች መምህርነት ሲከፈት፣ አለቃቸው ካፒቴን ቪኪንግ ታም ነበር፡፡ ዕጩዎቹ የተመረጡት በተፈሪ መኰንን፣ በምኒልክና ይህን በመሳሰሉ ትምህርት ቤቶች ፈረንሳይኛ ከተማሩት ወጣቶች ነው፤ ከፊሉ ገና ጢም ያላበቀሉ ልጆች ነበሩ፡፡ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ጦርነቱ ደረሰ፡፡ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የጠላት ጦር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥ መንገዱን ለማገድ ከታም ጋር ወደ ጣርማ በር የተላኩት እነዚሁ ተማሪዎች ናቸው፡፡ ከዚያም በኋላ ከመካከላቸው ወደ ወለጋ ተሻግረው በጥቁር አንበሳ ማኅበር ውስጥ የተዋጉ አሉ፤ በየካቲት 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በተደረገው ጭፍጨፋም ብዙዎቹ ተማሪዎች በመሆናቸው ብቻ ተገደሉ፡፡ ለተሰጣቸው የአንድ ዓመት ከጥቂት ወር ትምህርት የተጠየቁት ዋጋ ይህ ነበር፡፡ ይህን የምንጽፈው ለማስፈራራት አይደለም፤ በመኮንንነት ትምህርት የክፍያው ቀን በተማሪው የትምህርት መርሐ ግብር እንደማይወሰን ለማስረዳት ነው፡፡

ከነፃነት በኋላ ሆለታ እንደገና ተከፈተ፤ በ1950 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ በሐረር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የጦር አካዳሚ በህንድ መኮንኖች አስተማሪነት ተቋቋመ፡፡ ሐረር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የጨረሱትን ወስዶ ሦስት ዓመት ያስተምር ነበር፤ ሆለታ ግን ባጭር ጊዜ፣ ከወታደሩም ከበታች ሹሙም መካከል የተመረጡትን ሳይቀር፣ ለመኮንንነት ያበቃ ነበር፡፡ ያነጋገርናቸው ጡረተኛ እንዳጫወቱን «የት ነው የወጣኸው?» የሚለው ጥያቄ በመኮንኖች ክበብ ከማዕረግ ይቀድም ነበር፡፡ በ1967 ዓ.ም. ሥልጣን ከያዘው የደርግ አባላት መካከል ዋነኛው፣ ሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም፣ ከሆለታ የወጡ መሆናቸው ይታወቃል፡፡ የአካዳሚና የሆለታ ልዩነት በዚያ ዘመን ታሪክ ውስጥ ምን ያህል ሠርቷል የሚለው ራሱን የቻለ ጥናት የሚያስፈልገው ነው፤ እኛ አልፈነዋል፡፡

ሲቪሉ ተማሪም ቢሆን በነፃ ተምሮ አያውቅም፡፡ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪ ለማግኘት አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛት እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ አብዛኞቹ በአስተማሪነት ወጡ፡፡ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተሰማሩ፡፡ በ1975 ዓ.ም. በወጣው የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆነው ሁሉ ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል ታዘዘ፤ ይህ ግን በግድ እንጂ በማመልከቻ አልነበረም፤ በደርግ መውደቅም ቀረ፡፡ ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 ከመቶ እንዲጋራ በደንብ ተወስኖ፣ ዕዳውን ከምረቃ በኋላ ከደመወዙ እንዲከፍል ውል ይፈርማል፡፡ እኛም ፈርመናል፤ ስንፈርም ግን ከመካከላችን ወረቀቱን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሁለት ሰው ብቻ ነበር፡፡

እንግዲህ መንግሥት ትምህርት የሰጠውን ሰው ዕዳ የሚቀበልበት ሁለት መንገድ አለ፤ በብርና በዓመታት፡፡ የሲቪሉ ዕዳ በብር የሚቈጠር ስለ ሆነ ሰው ሥራውን ቢለውጥ፣ አገሩን ቢለቅ፣ ሐሳቡን ቢቀይር ዕዳው ያው ዕዳ ነው፡፡ የዕጩ መኮንኑ ዕዳ ግን በዓመታት የሚቈጠር ነው፤ ዓመታቱም እንደ ትምህርቱ ርዝመትና ዓይነት ይለያያሉ፡፡ ከሁሉ የሚከብደው ልዩነት ግን ሌላ ነው፡፡ አንድ ሰው የሠራዊቱ አባል ከሆነ በኋላ ያለ ፈቃድ ቢሄድ ባለዕዳ ብቻ አይባልም፤ ኮብላይ ይባላል፤ መኮብለል ደግሞ በ1997 ዓ.ም. በጸናው የወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፡፡ ከሲቪል ማሠልጠኛ የወጣ ልጅ ገንዘብ ይጠየቃል፤ ከጦር ትምህርት ቤት የወጣ ግን ሊታሰር ይችላል፡፡ ሁለቱም በሰፈር አነጋገር «ግዴታ ያለበት ትምህርት» ተብለው በአንድ ስም ይጠራሉ፡፡

በዚህ ጉዳይ የአሜሪካኖቹን አሠራር ማየት ይጠቅማል፡፡ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1862 የወጣው የሞሪል ሕግ ለእርሻና ለሜካኒክ ኮሌጆች መሬት ሲሰጥ የጦር ስልት ትምህርትም እንዲያስተምሩ አዘዘ፡፡ የእኛን የአለማያን የእርሻ ኮሌጅ ለማቋቋም በ1944 ዓ.ም. የተዋዋለው የኦክላሆማ ኮሌጅ በዚሁ ሕግ መሠረት ከተቋቋሙት አንዱ ነው፡፡ በ1916 የተጠባባቂ መኮንኖች ማሠልጠኛ ጓድ፣ በአጭሩ አር.ኦ.ቲ.ሲ. የሚሉት፣ በሕግ ተቋቋመ፤ በ1964 ደግሞ ለዕጩዎቹ የኮሌጅ ክፍያ የሚሸፍን የትምህርት ዕድል ተጨመረለት፡፡ የእኛ ዩኒቨርሲቲ የአገልግሎት ዓመቱን የጀመረው በዚያው ዓመት መሆኑ አጋጣሚ ነው፡፡ በዚህ አሠራር ዕጩው ወደ ጦር ትምህርት ቤት አይሄድም፤ በተራ ዩኒቨርሲቲ ከሌላው ተማሪ ጋር ታሪክ ወይም ኬሚስትሪ ይማራል፣ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ብቻ ሰልፍና የአመራር ትምህርት ይወስዳል፣ ሲመረቅ ምክትል መቶ አለቃ ይሆናል፡፡ ግዴታው በጠቅላላው ስምንት ዓመት ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ብዙውን ጊዜ አራቱ በመደበኛ ጦር የቀሩት በተጠባባቂነት ይፈጸማሉ፡፡ አሜሪካዊ ዜጋ መሆን ስለሚያስፈልግ፣ አሜሪካ ካለ ዘመዱ ዘንድ ሄዶ በዚህ መንገድ እማራለሁ ብሎ ለሚያስብ የቦሌ ልጅ በሩ እዚያው ላይ ይዘጋል፡፡

ከዚህ ሁሉ እኛን ያስገረመን አንድ ትንሽ ሐረግ ናት፡፡ የአራት ዓመት የትምህርት ዕድል ያገኘ የአሜሪካ ዕጩ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ቢተው ምንም አይጠየቅም፤ የሚታሰረው ሁለተኛውን ዓመት ሲጀምር ነው፡፡ ይህም ማለት የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ካኪውን ለብሶ፣ በንጋት ተነሥቶ፣ ትእዛዝ ተቀብሎ ካየው በኋላ እንደገና እንዲያስብ አንድ ዓመት ተሰጥቶታል ማለት ነው፡፡ ያነጋገርናቸውን አመልካቾች «ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነው ወታደር የምትባለው? ከፈረምክበት ነው፣ ካምፕ ከገባህበት ነው፣ ወይስ ማዕረግ ከተሰጠህበት?» ብለን ጠየቅናቸው፡፡ ከአሥራ አራቱ የመለሰልን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አጎቱ ወታደር ስለ ነበሩ ነው፡፡ ያ አንድ ልጅ ያለ ዕድሜው የሸመገለ ይመስላል፡፡

በጡረታ ያሉትን መኮንን ይህንኑ ስንጠይቃቸው ሣቁ፡፡ «የኔ ልጆች፣ እኛ የፈረምነውን ወረቀት እስከ ዛሬም አላነበብኩትም» አሉን፡፡ ከዚያ ግን ዝም ብለው ቈዩና፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት ማገልገላቸውን፣ በኮሌጅ የተማሩት የምሕንድስና ትምህርት ድልድይ እንዳሠራቸው፣ ልጆቻቸውንም እንዳሳደገላቸው ነገሩን፡፡ የሚቈጩት በአገልግሎቱ አይደለም፤ ከአንድ መንደር አብሯቸው የሄደው ጓደኛቸው በሁለተኛው ዓመት ልቡ ስለ ሸሸ፣ መውጫውን በወጉ የሚነግረው ሰው አጥቶ በሌሊት አጥር ዘሎ በመሄዱ ነው፡፡ «ጠይቆ ቢሆን ኖሮ በሰላም ይሰናበት ነበር፤ መጠየቅ እንደሚቻል አላወቀም» አሉን፡፡

አሁን ወደ ተያዥ እንመለስ፡፡ ተያዥ መጠየቅ በየማሠልጠኛው ደንብ ይለያያል፤ አንዱ የአመልካቹን ፊርማ ብቻ ሲቀበል፣ ሌላው ቋሚ ደመወዝ ያለው ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ አምጥቶ እንዲፈርም ያዛል፡፡ የቃሉ ምንጭ ግልጽ ነው፤ ሌላው በሌለ ጊዜ የሚያዘው ሰው ማለት ነው፡፡ በቀድሞው ሥርዓት ባለዕዳና አበዳሪ በነጠላ ጫፍ ወይም በሰንሰለት ተቈራኝተው ዳኛ ዘንድ እስኪደርሱ አብረው ይውሉና ያድሩ ነበር፤ ቁራኛ የሚባለው ይህ ነው፡፡ ከቁራኛ የሚያስፈታው ዋስ ሲገኝ ነበር፤ ስለዚህ ዋስ መሆን ዘመድን ከእስራት የማስለቀቅ ያህል የሚከበር ሥራ ነው፣ እምቢ ማለትም ነውር ነው፡፡ ዛሬም ልጁ ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ አክስት «ስንት ነው?» ብላ አትጠይቅም፡፡

ከነዚህ አክስቶች አንዷን አግኝተናታል፡፡ በቦሌ በአንድ ሆቴል ገንዘብ ተቀባይ ናት፡፡ የእኅቷ ልጅ ስሙን ከማንጠቅሰው አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ሲገባ ተያዥ ሆነችው፡፡ በሁለተኛው ዓመት አባቱ ታመው አልጋ ላይ ዋሉ፤ ልጁም ትምህርቱን ትቶ ሥራ ፈልጎ ገባ፡፡ ከጥቂት ወራት በኋላ ለእሷ ደብዳቤ መጣ፣ ነገሩም ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ከዚያ ወዲህ በየወሩ ከደመወዟ ይቈረጣል፡፡ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወር ደመወዝ የሚቈረጠው ከአንድ ሦስተኛ መብለጥ ስለማይችል ሁለቱ እጅ ይደርሳታል፡፡ «ልጁን አልረገምኩትም፤ ወድዶ አልወጣም» አለችን፡፡ ነገር ግን ባለፈው ፋሲካ እኅቷ ቤት አልሄደችም፤ ልጁም እሷ በምትሠራበት መንገድ አያልፍም፡፡ ከገንዘቡ ይልቅ ይህን ስታወራ ነው ድምፅዋ የተለወጠው፡፡

ሕጉ ስለዚህ ነገር የሚለውን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ እኛም እስክናነበው ድረስ አናውቀውም ነበር፡፡ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋስትና በጽሑፍ እንዲሆን በአንቀጽ 1725 ያዛል፡፡ በአንቀጽ 1922 ደግሞ ዋስትና በግምት እንደማይኖር፣ በግልጽ መነገር እንዳለበት፣ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ ልክም በውሉ ካልተጻፈ ውሉ ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል፡፡ «የሚፈለግበትን ሁሉ እከፍላለሁ» የሚል ወረቀት እንግዲህ በሕግ ፊት ዋስትና አይደለም፡፡ ከላይ የተናገርንላት አክስት ወረቀቷን ስታሳየን ልኩ ተጽፎበታል፤ የተጻፈው ግን ከፊርማዋ በኋላ እንደ ነበረ ነገረችን፤ ይህን ልታስረዳ የምትችልበት መንገድ ግን የላትም፡፡

ስለ አመልካቹም ዕድሜ አንድ ነገር እንጨምር፡፡ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ 18 ዓመት ያልሞላውን አካለ መጠን ያላደረሰ ይለዋል፤ ትምህርት በጊዜው የጀመረ ልጅ ደግሞ 12ኛን በ17 ወይም በ18 ዓመቱ ይጨርሳል፡፡ ሁለት ወር የጐደለው አንድ የጎሮ ልጅ የልደት ማስረጃውን «ሊያስተካክል» ሲጣደፍ አግኝተነው፣ አንድ ዓመት እንዲጠብቅ መከርነው፡፡ ምክራችንን መቀበሉን እንጠራጠራለን፤ የጓደኞቹ ስም በዝርዝሩ ላይ ተለጥፎ ነበርና፡፡

በመጨረሻው የሥራችን ሳምንት ከአንድ የማሠልጠኛ መዝገብ ቤት መስኮት ፊት ተራ ይዘን ቆመን ሳለ የሆነውን እንጻፍ፡፡ አንድ ሽማግሌ፣ በኋላ እንደ ተረዳነው በኮተቤ ለብዙ ዓመታት ሒሳብ ያስተማሩ፣ ለወንድማቸው ልጅ ተያዥ ሊሆኑ መጥተው ነበር፡፡ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡና ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፡፡

«ይህ ቦታ ባዶ ነው» አሉ፡፡

«አባባ፣ እሱ በኋላ ይሞላል፤ እርስዎ ብቻ ይፈርሙ፤ ሰው ቆሟል» አላቸው ጸሐፊው፡፡

«ሲሞላ እፈርማለሁ፡፡»

ልጁ አንገቱን ደፋ፤ ከኋላ የቆሙትም አጉረመረሙ፡፡ ሽማግሌው ግን ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተው፣ ልጁን በክንዱ ይዘው ወጡ፡፡ ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሰው መጡ፡፡ ጸሐፊው አለቃውን ጠይቆ ኖሮ ልኩን በአኃዝም በፊደልም ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎ አቀረበላቸው፡፡ ሁለት ጊዜ አነበቡት፣ ልጁንም ጮክ ብሎ እንዲያነበው አደረጉት፣ ከዚያ ፈረሙ፡፡ ከሳቸው በስተኋላ የቆመችው ሴትዮ ተራዋ ሲደርስ የራሷን ወረቀት ገልብጣ ያንኑ ቦታ ፈለገች፡፡